የምንኖረው ለምንድን ነው? የምንወደውስ ማንን?

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ ፍቅር የሚለጠፉት ጽሑፎች ሁለት ዓይነት መሆናቸውን የዘወትር አንባብያን ሳያስተውሉት አይቀሩም። የመጀመሪያው ዓይነት ግጥም ነው። ስሟ ያልተጠቀሰ ልጅ ትወደሳለች፤ ዓይኗ፣ ጥርሷ፣ አረማመዷ ይዘረዘራል፤ ገጣሚው በሐሳብ ሲብሰለሰል እህል አልቀምስ ማለቱን ይነግረናል፤ በማግስቱ ግን የቁርስ ሰልፍ ላይ ከሁሉ ፊት ቆሞ እናየዋለን። ሁለተኛው ዓይነት ምክር ነው። ፍቅር የትምህርት እንቅፋት መሆኑን፣ ወጣት ጉልበቱን ለቁም ነገር ማዋል እንዳለበት፣ የሰው ልጅ ወደዚች ዓለም የመጣው ለታላቅ ዓላማ እንጂ ዛፍ ሥር ተደጋግፎ ለመቀመጥ አለመሆኑን ያስረዳል። ይህን የምንጽፈው ጥቂት ጓደኛሞች ሁለቱንም በትዕግሥት ስናነብ ከርመናል። ሁለቱንም አንቀበልም።

ለምን ቢሉ፣ ሁለቱ ጸሐፊዎች የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ነገር ተስማምተዋል። ፍቅር ማለት ሰው ሥራውን ሲጨርስ ወይም ሲያቋርጥ የሚገባበት የግል ጓዳ ነው ባዮች ናቸው። አንደኛው ጓዳው ውስጥ መቅረት ይፈልጋል፤ ሁለተኛው በሩን ቆልፉት ይላል። በእኛ እምነት ግን ፍቅር ከቤቱ ተነጥሎ የሚቆለፍ ጓዳ አይደለም፤ ቤቱ የቆመበት ምሰሶ ነው።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ምደባ ቀርቧል። ከጥቂት ወራት በኋላ አብዛኞቻችን ስሙን ሰምተነው ወደማናውቀው ወረዳ፣ ከወረዳውም መኪና ወደማይገባበት ቀበሌ እንሄዳለን። ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ በየመኝታ ክፍሉ የሚነሣው ወሬ ይኸው ነው። «ለመሆኑ የምንኖረው ለምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ በፈላስፎች መጽሐፍ ውስጥ ሲገኝ ያስተኛል፤ የምደባ ሰሞን ሲመጣ ግን እንቅልፍ ይነሣል። አንዱ «እኔ እኮ ሕይወቴ የሚጀምረው ከማስተማር የወጣሁ ዕለት ነው» ይላል። ሌላዋ «ሁለት ሦስት ዓመት ቻል አድርጌ ዲግሪዬን ልያዝ እንጂ፣ ከዚያ በኋላ ማን ያየኛል!» ትላለች። እኛ በዚህ አንፈርድም። የመምህር ደመወዝ ወሩ በገባ በስንተኛው ቀን እንደሚያልቅ እናውቃለን። ሽማግሎች ሲያወሩን፣ ድሮ አስተማሪ የሚመኙት አማች ነበር አሉ፤ ዛሬ ግን «ልጁ አስተማሪ ነው» ሲባሉ «ሌላስ ምን ይሠራል?» ብለው የሚጠይቁ ወላጆች አሉ።

ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ አለን። ሕይወቴ ገና አልጀመረችም ብሎ የሚያምን ሰው፣ በዚያ ከዕድሜው በማይቆጥረው ሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ፊቱ የሚቀመጡት ስድሳ ልጆች ምኑ ናቸው? በመኪና መስኮት እንደሚታዩ ዛፎች አልፏቸው ሊሄድ ነው? ለልጆቹ እኮ ያ ዓመት ዋናው ዓመት ነው። ፊደል ለመቁጠር ሌላ አንደኛ ክፍል አይጠብቃቸውም።

እስቲ ቋንቋችንን እንጠይቀው። አማርኛ «ውድ» ሲል ሁለት ነገር ይላል። ደብዳቤ ስንጽፍ «ውድ እናቴ» ብለን እንጀምራለን። ገበያ ወጥተን ሽንኩርት ስንጠይቅ ደግሞ «ኧረ ውድ ነው!» ብለን እንመለሳለን። ልጅም ይወደዳል፣ ጤፍም ይወደዳል፤ በተለይ ጤፍ። «ስስት» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። ስስታም የምንለው እንግዳ ሲመጣ እንጀራውን የሚደብቀውን ነው። እናት ግን ልጇን አቅፋ «እሳሳልሃለሁ» ስትል ማንም አይነቅፋትም። እንግዲህ በአማርኛችን ፍቅር ሁለት እጅ አለው ማለት ነው፤ አንዱ እጅ ጨብጦ የሚይዝ፣ ሁለተኛው ከፍቶ ዋጋ የሚከፍል። ገጣሚያችን የሚያውቀው የጨበጠውን እጅ ብቻ ነው፤ «የእኔ ነሽ፣ ለሌላ አልሰጥሽም» ይላል። መካሪያችንም የሚፈራው ይህንኑ እጅ ነው። የሚከፍለውን እጅ ግን ሁለቱም ዘንግተውታል። የሕይወት ዓላማ የሚባለው ነገር የሚገኘው እዚያ ይመስለናል።

ብዙ ጊዜ የምናስበው ዓላማ አስቀድሞ ተፈልጎ እንደሚገኝ፣ ከተገኘም በኋላ በፍቅር እንደሚያዝ አድርገን ነው። እኛ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው እንላለን። ወይዘሮ አበበች ጎበናን እንውሰድ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 ወደ ግሸን ማርያም ሄዱ። የሄዱት ዓላማ ፍለጋ አልነበረም፤ እንደማንኛውም ምእመን ሊሳለሙ ነው። ወሎ በዚያን ጊዜ ተርቧል። በመንገድ ላይ እናት ሞታ ወድቃለች፤ ሕፃን ከአጠገቧ አለ። ወይዘሮ አበበች ሕፃኑን አንሥተው ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። አንድ ዓመት ሳያልፍ የሰበሰቧቸው ልጆች 21 ደረሱ። ዘመድ «አብዳለች» አለ። ትዳራቸውም ፈረሰ። ከሞቀ ቤታቸው ወጥተው ከልጆቹ ጋር በችግር መኖር ጀመሩ። በስማቸው የሚጠራው የሕፃናት ማሳደጊያ የተወለደው ከዚያ ነው። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ እናታችን ብለው ያለቀሱት ልጆች በሺህ የሚቆጠሩ ነበሩ።

ልብ በሉ፤ በመጀመሪያ የተቀረጸ ዕቅድ አልነበረም፤ «ወላጅ አልባ ሕፃናትን ለመርዳት» የሚል ጽሑፍም አልነበረም። አንድ ሕፃን ነበር። ዓላማው ከኋላ መጣ። ያውም ውድ ሆኖ መጣ፤ ቤት አስከፈለ፣ ትዳር አስከፈለ፣ መልካም ስም አስከፈለ። ወይዘሮ አበበች ያን ሕፃን አልፈው ቢሳለሙና ቢመለሱ ኖሮ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። በዚያ መንገድ ያለፉ ሌሎች ምእመናንም ነበሩ፤ አዝነውም፣ አልቅሰውም ይሆናል ያለፉት። እኛም ብንሆን ከእነሱ የምንሻል አይመስለንም።

ከዚህ ላይ አንድ ክፉ ጊዜ ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። በ1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ገጠር ወጡ። የዚያን ዘመን ወጣት ሰፊውን ሕዝብ እወዳለሁ ይል ነበር፤ ከልቡ ይል እንደነበርም አንጠራጠርም። ብዙም ሳይቆይ ግን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በዚያው በሕዝብ ስም በከተሞቻችን ደም ፈሰሰ። በቀይ ሽብር ካለቁት ብዙዎቹ የእኛ እኩዮች ነበሩ፤ ከመካከላቸውም ተማሪና መምህር ጥቂት አልነበረም። ገዳዩም ሟቹም «ለሰፊው ሕዝብ» ይሉ ነበር። ይህ ለምን ሆነ ቢባል የታሪክ ሰዎች ብዙ ምክንያት ይዘረዝራሉ፤ እሱን ለእነሱ እንተወዋለን። እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው። ሕዝብን መውደድ ቀላል ነው፤ ሕዝብ አያስነጥስም፣ ሳሙና ተውሶ አያስቀርም፣ ማታ አያንኮራፋም። ጭንቁ አጠገብ አልጋ ላይ የተኛውን መውደድ ነው።

ከዚያው ዘመን ደግሞ የምንኮራበትም አለ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን፣ በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ ሽልማት አስገኝቷል። ዘመቻው የራሱ ፖለቲካ ነበረው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን በጣት አሻራ ይፈርሙ የነበሩ አዛውንት ስማቸውን በእጃቸው የጻፉት መፈክር ስለተሰማ አይደለም። አንድ ሰው ከጎናቸው ተቀምጦ፣ እርሳስ መጨበጥ ያቃታትን እጅ በእጁ ደግፎ፣ «እንደገና ይሞክሩት አባባ» ስላላቸው ነው።

ታዲያ የመምህር ፍቅር ምን ይመስላል? በልምምድ ማስተማር ወቅት ያየነውን እናንሣ። ከእኛ ብዙዎቻችን ልጆቹን የምንጠራቸው «አንተ ባለ ቀዩ ሹራብ»፣ «አንቺ ከጥግ ያለሽው» እያልን ነበር። ስድሳ ስም ማጥናት ይከብዳል፤ የትምህርት ዝግጅቱም ጊዜ ይወስዳል። ግን ቀዩ ሹራብ የወንድሙ ነው፤ ማክሰኞና ሐሙስ ወንድሙ ይለብሰዋል። ያን ጊዜ ልጁ ማን ሊባል ነው? ደግሞ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው «ሰነፍ» ከተባሉት መካከል ሰሌዳው የማይታያቸው አሉ። ወደፊት ሲዛወሩ በሳምንቱ «ጎበዝ» ይሆናሉ። ይህን የሚያውቀው ዓይን ዓይናቸውን የሚያይ መምህር ብቻ ነው። ቁርስ ሳይበላ የመጣን ልጅም እንዲሁ፤ ስንፍናና ረኃብ ከሩቅ ሲታዩ መልካቸው አንድ ነው።

ስለ ዱላም እናንሣ። «ስለምወድህ ነው የምመታህ» የሚለውን ቃል ያልሰማ ከመካከላችን የለም። አንዳንዶቻችንም ነገ እንደምንለው እናውቃለን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከሚፈጸም የአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። አርጩሜው ግን አንቀጽ አያነብም። እኛ የምንለው፣ ዱላ ለመምህሩ ርካሽ ነው፤ ደቂቃ አይፈጅም። ውድ የሚሆነው ከክፍል በኋላ ልጁን አስቀርቶ ምን እንደሆነ መጠየቅ ነው። እንግዲህ ከሁለቱ የትኛው የፍቅር ነው ይባላል?

የፖላንዱ ሐኪምና የሕፃናት አሳዳጊ ያኑሽ ኮርቻክ በዋርሶ ከተማ ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ይመራ ነበር። በዚያ ቤት ዳኞቹ ልጆች የሆኑበት ፍርድ ቤት አቋቋመ። ልጅ ልጅን ብቻ ሳይሆን አሳዳጊውንም መክሰስ ይችል ነበር፤ ኮርቻክ ራሱም ተከስሶ ቀርቧል። (እስቲ ርእሰ መምህር በሦስተኛ ክፍል ልጅ ተከስሶ ሲቆም ይታያችሁ!) ናዚዎች በነሐሴ ወር 1942 እ.ኤ.አ. ወደ 200 የሚጠጉትን ልጆች ከዋርሶ ወደ ትሬብሊንካ የሞት ካምፕ ሲወስዷቸው፣ ኮርቻክ ራሱን ለማዳን የቀረበለትን ዕድል አልተቀበለም። አብሯቸው ሄደ፤ አብሯቸው ሞተ። ሰዎች የሚያስታውሱት ያን የመጨረሻ ቀን ነው። እኛን ይበልጥ የሚገርመን ከዚያ በፊት የነበረው 30 ዓመት ነው፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ማታ እንዳለቀሰ ሲሰማ የኖረበት፣ ፎቶግራፍ አንሺ የማይመጣበት፣ ተራ የሥራ ቀን።

አሁን ወደ አንድ አስቸጋሪ ነገር እንምጣ። የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር ያላነበበ፣ ወይም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ያልሰማ ከመካከላችን ጥቂት ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ስለ ፍቅር ስናወራ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ሳንጠራ አናልፍም። አንድ ነገር ግን ይዘነጋል፤ በዛብህ አስተማሪዋ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው ልጃቸውን ሊያስተምር ነው። ይህን ጠቅሰው «አስተማሪና ተማሪ ቢዋደዱ ምን አለበት?» የሚሉ ወንድሞች አጋጥመውናል። ሲስቁም አይተናል። እኛ አልሳቅንም።

ሰብለ የአባቷ ኩራት ባል አሳጥቷት የቆየች፣ ዕድሜዋ የደረሰ ሴት ነበረች። የበዛብህ ኑሮም በአባቷ እጅ ነበር እንጂ የእሷ ኑሮ በእሱ እጅ አልነበረም። እኛ ፊት የምትቀመጠው ልጅ ግን ገና ልጅ ናት፤ ማርኳም፣ ማለፍና መውደቋም፣ ስሟም በእኛ እጅ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ያደረገው ያለ ነገር አይደለም። ጥር ሲገባ ወንበሯ ባዶ የሚሆን ልጅ በየገጠሩ አለች። ሰርግ ተደግሶላት ነው። ያቺን ልጅ የሚወዳት መምህር ምን ያደርጋል? ለአባቷ ጠላ ጠጥቶ አይመርቅም። ከቤታቸው ሄዶ ይቀመጣል፤ ሽማግሌ ይልካል፤ እምቢ ቢባል ሕግ ወዳለበት ይሄዳል። ለዚህም ዋጋ ይከፍላል፤ እንጨትና ውሃ የሚያመጣለት ይጠፋል፣ ቤት አከራዩ ፊቱን ያጠቁርበታል፣ ሰው ሰላምታ ይነፍገዋል። በዚያች ቀበሌ ብቸኛው የመንደሩ እንግዳ እሱ ሆኖ ሳለ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚህች ልጅ የሚያገኘው አንድም ነገር የለም። ምናልባት ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ እሱ ተዛውሮ ሄዶ ይሆናል። ይህንንም ፍቅር ነው የምንለው፤ እንዲያውም ሌላውን ስም ከመስጠታችን በፊት ይህን ብናስቀድም ደስ ባለን።

ከዚህ በኋላ መካሪያችን «አያችሁ! እኔስ ምን አልኩ፤ የሴትና የወንዱን ነገር ተዉት አላልኩም?» እንዳይለን እንፈራለን። አላልንም። በየገጠሩ ብቻውን የሚኖር መምህር ምን እንደሚሆን አይተናል። የሚያዋየው ሰው የለም፤ ስልኩን ይዞ ኔትዎርክ ፍለጋ ኮረብታ ይወጣል፤ ከመሸ ጠላ ቤት ይገባል፤ በሦስተኛው ዓመት ልጆቹ ላይ መጮህ ይጀምራል። ማንም የማይሳሳለት ሰው ለሌላው መሳሳት ይረሳል። ስለዚህ እዚህ ግቢ ውስጥ የተዋደዱ ሁለት ሰዎች ስናይ «ጊዜ ማጥፋት» ብለን አንዘልፋቸውም። ስለ ተማሪዎቻቸው አብረው የሚያወሩ ከሆነማ የልብ እንበላቸው።

የሚከብደው የዕጣው ጉዳይ ነው። እሱ ደጋ፣ እሷ ቆላ ሊወጣላቸው ይችላል። ጋብቻ ፈርሞ አንድ ቦታ መጠየቅ እንደሚቻል ሲሰማ፣ የሚዋደዱትም የማይዋደዱትም ለፊርማ መሯሯጥ እንደሚጀምሩ ይወራል። በዚህ ላይ እኛ ራሳችን አልተስማማንም። ከመካከላችን አንዱ ይፈርሙ ባይ ነው፤ ብቻውን ያልሆነ መምህር ከቦታው ቶሎ አይሸሽም፣ የሚጠቀሙትም ልጆቹ ናቸው ይላል። አንዷ ግን አጥብቃ ተቃውማለች። ሁልጊዜ ማን ማንን ተከትሎ እንደሚሄድ ቁጠሩ እስቲ ትለናለች፤ እሷ ናት እሱን የምትከተለው፤ የእሷ ትምህርት ቤትና የእሷ ስድሳ ልጆች ከቁጥር አይገቡም። ዓመት ተራርቀው ይቆዩ፣ ከዚያም በተራ ይሁን፤ በመጀመሪያ እሱ ይከተላት ብላለች። ሦስት ማታ ተከራክረን አልተግባባንም። ከመምህራኖቻችን አንዳንዶቹ ይህን ኑሮ ኖረውበታልና ቢጽፉልን ደስ ይለናል።

መልስ ያላችሁ በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ካለው ሳጥን ጨምሩ። ግጥምም ቢሆን እንቀበላለን፤ የልጅቷ ስም ግን እንዳይጠቀስ፣ ፈቃድዋን ካልሰጠች በስተቀር።